ያልተከፈተችው ቮልስ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለካሕሳይ፣

ሰላምታዬ ደብዳቤያችንን ከሚያመላልሰው ከሾፌሩ ከአባዲ መኪና ጭነት በላይ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይከብደው ብዬ ጥቂቱን ብቻ ልኬልሃለሁ። ሀፊዛ ደግሞ የኔን ለብቻ ጻፍልኝ ብላ ራሴ ላይ ቆማለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይነጫነጫል።

ጆሮህ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ይኸው ደብዳቤ መጻፍ ለመድኩልህ። ሱቅ ውስጥ ፖስታ ሳሽግ ያየኝ ጎረቤቴ ገቢሳ «ዘይኑ፣ በዚህ ዕድሜህ ፍቅር ያዘህ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ መቐለ ያለ አንድ ደንቆሮ የቶርኖ ሠራተኛ» አልኩት። ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ ባለ መለዋወጫ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልምጣ። የሰማኸው እውነት ነው፤ አዲሷ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ቮልስ ወጥታለች። ለመኪናዋ ዕቃ ከኔ የምትገዛ የበረራ አስተናጋጅ አምጥታልኝ ክፍሎቿን አንድ በአንድ አየኋቸው። ካሕሳይ፣ ሳትቆጣ አንብብ። ፕላስቲኩ የሚፈስበት ፎርማዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ አዲስ የተቀረጸ ነው። በሮቿ ሲገጠሙ ጥፍር አያስገቡም። ሞረድ አላነሳሁም፣ ብርጭቆ ወረቀት አልነካሁም። አንተ የምትምልባቸው ዳግም እትሞች ግን ምንድን ናቸው? ድሮ የተቀረጸውን ፎርማ ከመጋዘን ያወጡና አቧራውን እፍ ብለው ፕላስቲክ ያፈሱበታል፤ ከዚያ አዲስ ሣጥን ያለብሱታል። ፎርማው አርጅቶ አፉ ስለማይገጥም ፕላስቲኩ በየጠርዙ ጢም ያበቅላል። ያንን ጢም ስንላጭ ስንት እሑድ አለፈን? የኛ ዕድሜ ሰዎች የራሳችን ጢም አይበቃንም?

በየደብዳቤህ መጨረሻ የምትጠይቀኝንም ልመልስ። አደራዋ ቮልስ ደህና ናት። ልጅህ አርአያ ሣጥኗን በቡኒ ፕላስተር እንዳሸገው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች፤ አልተነካችም። «ጋሼ ዘይኑ፣ ለሥራ ትንሽ ራቅ ልል ነው። ስመለስ እርስዎ፣ አባዬና እኔ ሆነን እንሠራታለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይከፍታት» ብሎ ሲሰጠኝ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ራቅ ማለት ባሕር መሻገር እንደሆነ ለኔም አልነገረኝ፣ ለአንተም ለአባቱ አልነገረህ። ከቦሳሶ ወደብ አንዴ ከደወለ ወዲህ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወሬ ካለ ጻፍልኝ። ከሌለም የለም ብለህ ጻፍልኝ፤ ዝም ስትል የባሰውን አስባለሁ።

ስለ ሰፈራችን የሚወራውን ሁሉ አትመን። የሚደርስ ነገር ካለ እጽፍልሃለሁ።

ወንድምህ ዘይኑ


መቐለ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ጢም ላጪ ለዘይኑ፣

እንቁጣጣሽ አልፎ፣ መስቀል አልፎ ደብዳቤህ ደረሰኝ። እንኳን አደረሰህ ማለት ስለረፈደ ለከርሞው ያድርስህ ብያለሁ። ሀፊዛን ሳምልኝ። እህቴና ልጇ ፀሎት ሰላም ብለዋችኋል።

ተቆጥቻለሁ። አትቆጣ ብለህ ባትጽፍ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። አንተ መለዋወጫ ስትሸጥ ስለኖርክ የሚገጥም ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስልሃል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ላንቻ ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት የቀረጽኩ ሰው ነኝ፤ የምወደው ፎርማውን ነው። ያንን የድሮ ፎርማ እንደኔ ያለ ሰው፣ እንደኔ ጆሮው እየደነቆረ፣ በእጁ ነው የቀረጸው። አዲሷን ኮምፒውተር ነው የለካት። በሮቿ ጥፍር አያስገቡም ትለኛለህ፤ የኔ እውነተኛዋ ቮልስ በሮች ጣት ያስገቡ ነበር፣ ዝናብም ጭምር! ረሳኸው? አርአያ መንዳት የተማረባት፣ የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎዋን ከስልክ እንጨት ጋር ያሳሳመባት ቮልስ ምኗ ገጥሞ ያውቃል? ስለዚህ ስማኝ፦ ፎርማው አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው። ያኔ የወጣችውም ዛሬ የወጣችውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትንሿ ጢም ቤተሰብ አታስክድም።

የለም ብለህ ጻፍ ስላልከኝ ጻፍኩ፤ ወሬ የለም። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች መጡ በተባለ ቁጥር የአርአያን ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ። አንዱ ጀልባ ላይ አብረን ነበርን ይላል። ሌላው ፎቶውን ገልብጦ ያይና እሱ አይደለም ይላል። ፎቶውን ለምን እንደሚገለብጡት አላውቅም፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም። እህቴ ቄሱን እናናግር፣ ፍትሐት ይደረግለት ትለኛለች። ሬሳ ሳላይ? መርዶ ሳይመጣ? ቤቱን ጥዬላት ወጣሁና ሲመሽ የምሄድበት ስላጣሁ ተመለስኩ።

እናቱ ይህን ሳታይ ማረፏን አንዳንድ ቀን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስለ ካዛንቺስ እዚህም ይወራል። እውነቱን ጻፍልኝ።

ካሕሳይ


ላንቻ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሕሳይ፣

እንዴት ከረምክ? እህትህ ደህና ናት? ፀሎት ትምህርቷ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ከላይ ያለውን አድራሻ ስታይ የጠየቅኸኝ ሁሉ ተመልሶልሃል። ሰፈሩ ለልማት ተነሳ፣ እኛም ተነሳን። ምትኩን እስክናገኝ ልጃችን ጀሚላ ጋ ገብተናል። ጀሚላ ወርቅ ልጅ ናት፣ አትሳሳት። ግን ሀፊዛ ድስት ለማንሳት ፈቃድ ስትጠይቅ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ነሐሴ ላይ የደበቅኩህ አንተ የራስህ ስለሚበቃህ ነበር።

የሠራኋቸውን ሞዴሎች ለሰፈሩ ልጆች አደልኳቸው። የት አባቴ ላስቀምጣቸው? ያቺን ሞዴል ስንሠራ ሙጫ ስናሸት የኖርንባትን የጓሮ ክፍል ባለፈው በታክሲ ሳልፍ ከየትኛው ጋ እንደነበረች ለመለየት ሞክሬ አቃተኝ። የልማቱ አጥር ረጅም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ልጻፍልህ አልጻፍልህ ብዬ ብዙ አመነታሁ።

ዕቃ ጫኞቹ ሁሉንም አይሱዙ ላይ ሲወረውሩ የአርአያን አደራ እኔ ጋቢና ገብቼ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። አይሱዙው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ እኔም እዘላለሁ። ያልተገጣጠመ ሞዴል መንገድ ላይ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ እንደ ክብሪት ቀፎ ነው የሚንኳኳው። ይቺ ግን ዝም። ቤት ገብቼ በቀስታ ነቀነቅኳት። ዝም።

የፈራሁትን ገና ሳልጽፈው ገብቶሃል። የድሮ ሞዴል ጎማ ዘይት እያወጣ አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ይበላዋል፣ ተጣብቆም ይቀራል። ጎማ ለብቻው የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። አርአያ ሣጥኗን ያሸገው እኔ ሱቅ ሳለሁ ስለሆነ በምን ሁኔታ እንዳስቀመጠው አላየሁም። ከዚያ በፊት ግን ጎማዎቹን ከከረጢታቸው አውጥቶ ካሮሴሪዋ ሥር እየደረደረ ሲያያት አይቼዋለሁ። የኛ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነበር፤ ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለው ሙቀት እንኳን ላስቲክ ብረት ያለሰልሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠረጠርኩም።

ፈቃድህን ስጠኝና ልክፈታት። ጎማዎቹን ብቻ ለይቼ መልሼ አሽጋታለሁ። ምናልባት ካሮሴሪዋ ተበልታ ከሆነም መላ አለው። የዚችው ፎርማ ዳግም እትም ዘንድሮ ወጥቷል ይላሉ፤ አስመጥቼ እተካታለሁ። ፎርማው አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው ያልከኝ አንተው ነህ።

መልስህን ቶሎ።

ዘይኑ


መቐለ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘይኑ፣

ሰላምታውን አንተው ሙላው። አትክፈታት።

«ስመለስ እንሠራታለን፣ እስከዚያ ማንም እንዳይከፍታት» ነው ያለው። አንተ ስትከፍታት እኔ ምን አልኩ ማለት ነው? አይመለስም አልኩ ማለት ነው። እህቴ በቄስ ያቃታትን አንተ በመቀስ ልትጨርሰው ነው?

ጎማው ይበላታል ትለኛለህ። አውቃለሁ! ይህን ለልጁ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም? ግን ምን ላድርግ? ብትከፈት ልጄን ቀበርኩ፣ ባትከፈት የልጄ ዕቃ አለቀች። ሁለቱም አይሆንልኝም። እዚህ ሆኜ ሦስተኛ መንገድ ስፈልግ እውላለሁ፤ መልሱ አባቴ ያሳደጉኝ ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈ ይመስል ግድግዳውን ሳይ እውላለሁ።

ስለ ዳግም እትሙ በገዛ አፌ ያዝከኝ። ይሁን፣ ያዝከኝ። ሠላሳ ዓመት የተከራከርኩት ስህተት ነበር በለው፣ ለገቢሳም ንገረው፣ ቡልጋሪያ ሁሉ ይሳቅብኝ። ከአንድ ማሕፀን የወጡ አንድ ሰው አይደሉም። ነገ ሌላ ልጅ አምጥተው «እናቱ ያችው ናት፣ አርአያ በለው» ቢሉኝ እለዋለሁ? አርአያ አገር ከሚለቁ ዲፕሎማቶች የጓዝ ሽያጭ ላይ መርጦ ያነሳት፣ ዝናብ እንዳይነካት ሸሚዙ ሥር ይዟት የመጣው ይቺን ነው። ዳግም እትሙን እንዳታስገባብኝ።

የምትከፈተው እሱ ሲመጣ ነው። ወይም መርዶው ሲመጣ። መርዶው ከመጣ ክፈታት ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ቃል ለመጻፍ አቅም አይኖረኝም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ክፈታት ካልኩህ እወቀው።

ስለ ቤታችሁ አዝኛለሁ። ቤታችሁ ያልኩት የኔም ስለነበረች ነው። ሀፊዛን አይዞሽ በላት። እኔ ከዚህ በላይ ልረዳችሁ የምችለው ነገር የለኝም።

ካሕሳይ


መቐለ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘይኑ፣

ክፈታት።

ካሕሳይ


ላንቻ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ወንድሜ ካሕሳይ፣

ሰማን። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ምን ብዬ ልጻፍልህ? የኔ ቃል የሚጠግነው ነገር የለም። ሀፊዛ ከሰማች ጀምሮ ከል ለብሳለች፤ ጎረቤቱ ማን ሞተባት ሲል ልጄ ትላለች። እውነቷን ነው። ያ ልጅ ከኛ ማዕድ ስንት ጊዜ በልቷል! ኢድ በመጣ ቁጥር ከጀሚላ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ እሱ ነበር። ረመዳን ገብቷልና በየሶላቴ እለምንለታለሁ፤ ነፍሱን በገነት ያኑርልህ፣ አንተን ሶብር ይስጥህ።

እንዴት፣ የት፣ ማን አየው ብዬ አልጠይቅህም። ልቅሶ በስልክ አይደረስምና አልደወልኩም። ጉልበቴ እሺ ካለኝ ከኢድ በኋላ ከአባዲ ጋር ተጭኜ መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ብላ። አንተ ስታዝን ምግብ እንደምትረሳ አውቃለሁና እህትህ ታስገድድህ።

ሣጥኗን መንካት አልቻልኩም። መቀሱን አነሳሁና አስቀመጥኩት።

ወንድምህ ዘይኑ


መቐለ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘይኑ፣

ይህን የምጽፍልህ ተረጋግቼ ነውና ሳትፈራ አንብበው። ፀሎት ስልክ ከደወለችልህ በኋላ ሀፊዛ ታማ ተኛች ሲሉ ሰማሁ። ተነሽ በላት። ጥፋቱ የሷም አይደለም፣ ያንተም አይደለም። የማን እንደሆነ ግን እኔም አላገኘሁትም። የሆነውን ልጻፍልህ፣ ምናልባት ስጽፈው ለራሴም ይገባኛል።

ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩልህን ረስቼው ነበር። ክፈታት ካልኩህ እወቀው ያልኩትን። ተቆጥቼ ነበር የጻፍኩት፣ ቁጣው ሲበርድ ቃሉም አብሮ ጠፋ። የጎማው ነገር ግን አልጠፋም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ጎማው ሲበላት ይታየኛል። አንዳንዴ የሚበላው ቮልሷን አይደለም። በመጨረሻ አልቻልኩም። የዚያን ዕለት አባዲ ሞተሩን አስነስቶ «ጋሽ ካሕሳይ፣ የሚላክ ካለ ቶሎ!» እያለ ጥሩንባ ሲያስጮህብኝ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አንዲት ቃል ጫርኩ። ከጎማው አስጥላት ማለቴ ነበር። በቃ፣ ሌላ ምንም ማለቴ አልነበረም።

ያንተ መልስ መጣ። ሰማን ይላል። ነፍሱን በገነት ይላል። የኔኑ ቃል እየመለስክልኝ መሆኑን በምን ልወቅ? አንተ ያለኸው አዲስ አበባ ነው፣ ከሳዑዲ የሚመለሱት ልጆች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። ከነሱ አንዱ ነገረው አልኩ። ዘይኑ ያላረጋገጠውን አይጽፍም አልኩ። አንተ መርዶው ከኔ የመጣ መሰለህ፣ እኔ ደግሞ ካንተ የመጣ መሰለኝ።

ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሎች ናቸው ያደረጉት። ድንኳን ተተከለ፣ ዕድርተኛው መጣ፣ ቄሱ መጡ፣ ፍትሐት ተደረገ። በማግስቱ ነው ፀሎት «ግን አጎቴ፣ ማነው ያየው? የት?» ያለችኝ። ደብዳቤህን አገላበጥኩ፤ ያየ ሰው ስም የለበትም። እሷ ወጥታ ደወለችልህ፤ መርዶው የኔው ቃል እንደነበር ያኔ ታወቀ።

ዘይኑ፣ ድንኳኑን የሚያፈርስ ሰው ጠፋ። አልሞተም ብሎ ለሕዝቡ የሚናገር ማነው? አለ ብሎ የሚምልስ? እኔ ራሴ መማል አልቻልኩም። ለቀስተኛው ወሬውን እየሰማ አንድ በአንድ ወጣ፣ አንዳንዱ እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎ፣ አንዳንዱ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ። ለሁለቱም አሜን አልኩ።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ባለቀስኩ ማግስት ተኛሁ። ከቦሳሶ ከደወለ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ስነቃ አፈርኩ። የልጁን ነገር ሳያጣራ ቀብሮ የሚተኛ ምን ዓይነት አባት ነው? ያለቀስኩትን ግን መልሼ አልውጠው ነገር።

አሁን ደግሞ አርባው እየቀረበ ነው። ተዝካሩን ላውጣ? ካወጣሁ በሕይወት ያለ ልጅ ተዝካር በላሁ። ካላወጣሁ እህቴ ነፍሱን በረሃ ጣልካት ትለኛለች። አንተን መጠየቄ ምን እንድትለኝ ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም።

ለማንኛውም ሣጥኗን ክፈታት። ይህችኛዋ ክፈታት ክፈታት ብቻ ናት። ጎማው ምን እንዳደረጋት ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

ካሕሳይ


ላንቻ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሕሳይ፣

በምን አፌ ይቅርታ ልበልህ? በስልክ ልቅሶ አይደረስም አልኩ፣ ሥርዓት አከበርኩ፣ አትጠይቀኝ ያልከኝን አከበርኩ፤ አክብሬ አክብሬ በቁምህ ገደልኩህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አንዴ ብደውል፣ ፀሎትን አንዲት ቃል ብጠይቃት፣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ሀፊዛ ከሉን አውልቃለች። ግን አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠችው፣ አልጣለችውም። ለምን ብዬ ልጠይቃት ፈራሁ።

ስለ ተዝካሩ የምልህ የለኝም። ሃይማኖቱ ያንተ ነው ብዬ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ያለ ስለማይመስለኝ ነው።

ሣጥኗን ከፈትኳት። እሑድ ከምሳ በኋላ ጀሚላ ጠረጴዛውን አጸዳችልኝ፣ ሀፊዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ፕላስተሩን በመቀስ ጫፍ ቀስ ብዬ ቀደድኩና ክዳኑን ከማንሳቴ በፊት ቢስሚላህ አልኩ። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አይሸትም።

ካሕሳይ፣ አልተበላችም።

አራቱንም ጎማዎችና መለዋወጫ ጎማዋን በየራሳቸው በማስቲካ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ጠቅልሏቸዋል። ካሮሴሪዋን በካልሲው ውስጥ አስገብቷታል፤ ያ ሰማያዊ መስመር ያለበት የሹራብ ካልሲ፣ ታስታውሰው እንደሆነ። የቀሩት ክፍሎች እንዳይጋጩ ዙሪያውን ጥጥ ጠቅጥቆበታል። ዝም ያለችው ለዚህ ነው። እኔ ሞኙ ዝምታዋን ሰምቼ ተበላች አልኩ፣ ከዚያ የመጣው ሁሉ መጣ።

ጭረት የላትም። የመጀመሪያዋ እትም ስለሆነች ፎርማው ገና ስለት ነበረው፤ ጢም የሚባል ነገር አይታይባትም። ለልጆቹ ያልሰጠኋትን አዲሷን ቮልስ አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኳት። ካንተ ጋር ክርክሩን የምጨርስበት ቀን ነበር፣ ልቤ ግን ክርክር አልነበረውም። ሀፊዛ ታለቅሳለች፣ ጀሚላ ታለቅሳለች፣ እኔ የማስቲካ ወረቀት እዘረጋለሁ።

አንድ ነገር ሳትደብቅ ጻፍ ስላልከኝ እጽፈዋለሁ። «ትንሽ ራቅ ልል ነው» ነው ያለኝ። ጎማ እንዲህ አድርጎ የሚጠቀልል ሰው ግን ትንሽ የሚቆይ ሰው አይደለም። ብዙ ዓመት አስቦ ነው የጠቀለላት። ያን ጊዜ ቤቴ ተቀምጦ ማስቲካ ሲያኝክ አይቼ «ጥርስህን ትጨርሳለህ» ብዬ ስቄበት ነበር።

አሁን ምን ላድርጋት? ልሥራት? ላንተ ልላካት? አንተ ያልከውን አደርጋለሁ፤ ከንግዲህ በራሴ የማስበው ነገር አይኑር።

ወንድምህ ዘይኑ


መቐለ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘይኑ፣

ደብዳቤህን ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ለፀሎት ደግሞ እንደገና። ፀሎት ጎማዎቹን እንዴት እንደጠቀለላቸው ሦስቴ አስነበበችኝ። ዝም ያለ ሁሉ የተበላ አይደለም ብለህ ልታጽናናኝ እንደሆነ ገብቶኛል። አታጽናናኝ። ባጽናናኸኝ ቁጥር እንደገና መጠበቅ እጀምራለሁ፣ መጠበቁ ደክሞኛል። አለመጠበቁም አቅቶኛል።

ተዝካሩን አላወጣሁም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ምሳ ታቀርብልኛለች እንጂ አታዋራኝም። ቄሱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ምን እንደሚሉኝ ስለሚቸግራቸው ስለ ዝናብ ያወሩኛል። እኔም ስለ ዝናብ አወራቸዋለሁ። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች መጡ ሲባል አሁንም ፎቶውን ይዤ እሄዳለሁ።

ቮልሷን አትሥራት። ለኔም አትላካት፣ እኔ ጋ ከሆነች አንድ ቀን እሠራታለሁ። ጎማዎቹን እሱ እንዳደረገው በየራሳቸው መልሰህ ጠቅልላቸው። የማስቲካው ወረቀት ከተቀደደ ሌላ ፈልግ፤ ለማስቲካው ገቢሳን አስቸግረው፣ ከመሳቅ ማኘክ ይሻለዋል። ጥጡን መልሰው። አሽጋት። ጀሚላ ቤት ሙቀት የሌለበት ቦታ ይኖራል፣ እዚያ አስቀምጣት። አዲስ ቤት ስትገቡም ጭንህ ላይ ይዘሃት ግባ።

ካሮሴሪዋን ግን በሌላ ጨርቅ ጠቅልላት። ካልሲውን ላክልኝ። አባዲ ሐሙስ ይመለሳል፣ በላስቲክ አድርገህ በእጁ ስጠው፣ ከጭነት ጋር እንዳይቀላቅለው።

ሀፊዛን ሰላም በልልኝ። ካልሲውን እንዳታጥበው ንገራት።

ካሕሳይ